የፋብሪካ ሠራተኛ መብት ለውጭ ልብስ ገዢ ኩባንያዎች መተው የለበትም፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ
የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ለሚሠሩ ሠራተኞች የደመወዝ ወለል እንዲወሰንና መብታቸውን የሚጠብቅ አሠራር እንዲዘረጋ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

እኛ በአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለውጭ ገበያ ልብስ የምንሰፋ ሠራተኞች ነን። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ብዙዎቻችን ከየገጠሩ ቀበሌ ተመልምለን፣ ሥራ አለ ተብለን የመጣን ነን። ደብዳቤውን የምንጽፈው በሠራተኛ ማኅበራችን ስም ነው። ሆኖም በሌሎች ፋብሪካዎች ያሉ እኅቶቻችንም የሚሉት ይህንኑ እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ማታ ማታ የየፋብሪካችንን ነገር እናወራለን።

ለመጻፍ ያነሳሳን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ነው። በማሻሻያው ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በዚህ ቅር አልተሰኘንም። መምህሯም ነርሷም የሚገዙት እኛ ከምንገዛበት ገበያ ነው፤ ኑሮው እንዴት እንደሚያንገበግብ እናውቃለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው። መንግሥት "ወር ሙሉ የሠራ ሰው ከዚህ በታች ሊከፈለው አይገባም" ብሎ ቁጥር ካስቀመጠ፣ ያ ቁጥር የፓርኩ አጥር ጋ ሲደርስ ለምን ይቆማል? የእኛ መነሻ ደመወዝ የዚህን ግማሽ አይሞላም። ለግሉ ዘርፍ ደግሞ እስካሁን የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም።

ስንጠይቅ የሚሰጠንን መልስ በቃላችን ይዘነዋል። "የግል ድርጅት ደመወዝ የአሠሪና የሠራተኛ ስምምነት ነው፤ መንግሥት ጣልቃ አይገባም" ይባላል። ይህን መልስ አንቀበለውም። ምክንያታችንን እንናገር።

የምንሠራበትን ሼድ የሠራው መንግሥት ነው። የሚያከራየውም የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው። ፋብሪካው ማሽኑን ያለ ቀረጥ አስገብቷል። ለዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ ተሰጥቶታል። እኛን ከየወረዳው መልምለው፣ አሠልጥነው ያመጡን የመንግሥት መዋቅሮች ናቸው። ባለሀብቱ ወደዚህ አገር እንዲመጣ ሲጋበዝ ከቀረቡለት ማባበያዎች አንዱ ደግሞ የጉልበታችን ርካሽነት ነበር። ይህ ሁሉ ጣልቃ መግባት ነው። መንግሥት በመሬቱ፣ በግብሩ፣ በቀረጡና በምልመላው ገብቶ ሲያበቃ፣ የሠራተኛዋ ደመወዝና ደኅንነት ሲነሣ ብቻ ዳር የሚቆምበት ምክንያት አይታየንም።

ይህ የእኛ ፍልስፍና አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 የንግድና የሰብዓዊ መብቶች መመሪያ መርሆዎችን ተቀብሏል። መርሆዎቹ 31 ናቸው። ሐሳባቸው ግን ለማንም ይገባል። መንግሥት ሰዎችን ከኩባንያዎች ጥፋት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ኩባንያዎች መብት የማክበር ኃላፊነት አለባቸው። የተጎዳ ሰው ደግሞ መፍትሔ የሚያገኝበት በር ሊኖረው ይገባል። መንግሥት ራሱ ባለቤት በሆነበት ወይም ትልቅ ድጋፍ በሚሰጥበት ቦታ ላይ የሚጠበቅበት ጥንቃቄ ይበልጥ ይጨምራል። ኢንቨስትመንት የሚስበው መሥሪያ ቤትና ሠራተኛ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አንድ ቋንቋ እንዲናገሩም ይጠይቃል። እኛ የምንኖረው እነዚህ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሳይነጋገሩ በቀሩበት ክፍተት ውስጥ ነው።

ከደመወዙ እንጀምር፤ ሌላው ችግር ሁሉ ከዚያ ይመዘዛልና።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። ቦርዱ የመንግሥትን፣ የአሠሪዎችንና የሠራተኛ ማኅበራትን ተወካዮች ይይዛል። ጥናት እያደረገ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው ያሻሽላል። ሥልጣኑና ኃላፊነቱ የሚወሰነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። አዋጁ ሲወጣ ሰባተኛ ክፍል የነበረች ልጅ ዛሬ ከጎናችን ማሽን ላይ ተቀምጣለች። ቦርዱን ግን እስካሁን አላየነውም። ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ጥያቄውን ያነሣል፣ በሚቀጥለው ሜይ ዴይም ያው ጥያቄ ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድና ሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ሐዋሳ ፓርክ ላይ ጥናት አድርጎ ነበር። መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ይህም በልብስ ስፌት ከሚታወቁ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፏል። በጊዜው ምንዛሬ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በብር ሲታይ ደመወዙ አድጓል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ግን የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም አላቆመም። ፋብሪካው የሚሸጠው በዶላር ነው። እኛ የሚከፈለን በብር ነው። ዘይቱ፣ ሽሮው፣ ሳሙናው፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያው ዶላሩን ተከትለው ወጡ። የምንሰፋው ሸሚዝ በውጭ ምንዛሬ የሚያስገባው ብር ሲጨምር ሸሚዙን የምትሰፋው ሴት ድርሻ አብሮ አልጨመረም። ይህን ልዩነት ማየትና ማስተካከል የነበረበት ያ ያልተቋቋመው ቦርድ ነበር።

ግብሩንም እናንሣ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ2,000 ብር በላይ በሆነው ደመወዝ ላይ ግብር ይቆረጣል። የእኛ ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም ከዚህ አያመልጥም፣ እንከፍላለን። ጣሪያው ሥር የሚያሠራን ድርጅት ግን የትርፍ ግብር እፎይታ ላይ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባችንን እንውሰድ። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ደመወዝ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የሱቁ ዱቤ ይጀምራል። ቤተሰቧ "ልጃችን ፋብሪካ ገባች" ብለው ብር ይጠብቁ ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ለበዓል አገሯ ሄዳ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ በሶ፣ ዱቄትና ቆጮ ይዛ ነው የምትመጣው። ይህቺ ልጅ ብቻዋን አይደለችም። በእኛ ግቢ የሚኖሩ ብዙ ልጆች ከበዓል ሲመለሱ እንዲሁ ነው የሚመጡት። አንድ የገጠር ገበሬ ከጎተራው ቀንሶ ወደ ውጭ ልብስ የሚልክ ፋብሪካን እየደጎመ ነው። ይህን እያወቅን ዝም ማለት አልቻልንም።

"ደመወዝ ከተጨመረ ባለሀብቱ ይሸሻል" የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ ስትታገድ ፋብሪካዎች ለቀው ሄደዋል፣ ሥራ ቀንሰዋል። ያኔ ደመወዛችን ከዓለም ዝቅተኞቹ መካከል ነበር። ዝቅተኛ መሆኑ ማንንም አላስቀረልንም። ርካሽነቱ ያመጣው ነገር ቢኖር ሠራተኛ አለመርጋቱ ነው። ሥራውን ለምዳ እጇ ሲፈጥን ትለቃለች፣ ቦታዋ ላይ አዲስ ልጅ ትመጣለች፣ እንደገና ሥልጠና ይጀመራል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በዚህ ሲያማርሩ ሰምተናል። ባንግላዴሽ በዚህ ኢንዱስትሪ ከእኛ እጅግ ትቀድማለች። እዚያ የደመወዝ ቦርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 12,500 ታካ እንዲሆን ተወስኗል። ሠራተኞቹ አልበቃንም ብለው አደባባይ ወጥተዋል፣ እውነት አላቸው። ቢሆንም የሚከራከሩበት ቁጥርና የሚከራከሩበት ጠረጴዛ አላቸው። እኛ ሁለቱም የሉንም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሰዓት ነው። አዋጁ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እሱም አጣዳፊ ነገር ሲገጥም እንጂ የዘወትር ሥራ እንዲሆን አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ግን ታርጌት የሚባል፣ ተሰፍቶ ማለቅ ያለበት የልብስ ቁጥር አለ። ላይኑ፣ ማለትም በአንድ ረድፍ የምንሠራው ሠራተኞች፣ ታርጌቱን ካልሞላ ሰዓቱ አላለቀም ይባላል። ኮንቴይነር ሊዘጋ ሲል "ዛሬ አላድርም" ማለት የሚችል ሰው የለም። "አላድርም" ያለች ልጅ በማግሥቱ ከለመደችው ማሽን ተነሥታ ሌላ ላይን ትመደባለች። እዚያ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ቦነሷ ይቀራል። አንድ ቀን የቀረች ደግሞ የቀኑ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የወሩ የአቴንዳንስ ቦነስ ጭምር ይቆረጥባታል። ታማ ቢሆንም፣ የጤና ጣቢያ ወረቀት ይዛ ብትመጣም።

አመሻሽቶ መውጣት ሴት ልጅ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ ማስረዳት ባያስፈልገን ደስ ይለን ነበር። ሰርቪሱ ዋናው መንገድ ላይ ያወርደናል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨለማ የእኛ ነው። ከመካከላችን በዚያ ጨለማ ስልኳንና ቦርሳዋን የተነጠቀች፣ ከዚያም የከፋ የደረሰባት አለች። የከፋው የደረሰባት ልጅ ማንንም አልከሰሰችም። ሥራዋን ትታ አገሯ ገባች። ድርጅቱ ጉዳዩ "ከፓርኩ ውጭ የሆነ ነው" አለ። ፓርኩም እንዲሁ አለ። በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ላይ ያዋላት ግን ሥራው ነበር።

እርግዝናን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ከሥራ አትሰናበትም። ይህን ሕግ ለማለፍ የሚደረገውን አይተናል። ውል በአጭር በአጭሩ ይፈረማል። ሆዷ መታየት የጀመረች ልጅ ውሏ ሲያልቅ አይታደስላትም። በወረቀት ላይ ማንም አላባረራትም። እንዲህ የወጣች ባልደረባችን ልጇን የወለደችው ያለ ደመወዝ፣ በጓደኞቿ መዋጮ ነው።

ስለ ውሉ ካነሣን አይቀር፦ ስንቀጠር የፈረምነው ውል በእንግሊዝኛ ነው። ከእኛ መካከል ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ አፉን የፈታ አለ። እንግሊዝኛ አንብቦ የሥራ ውል የሚረዳ ግን እምብዛም አይገኝም። ብዙዎቻችን ምን እንደፈረምን ያወቅነው ስንሰናበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው የክርክራችን ነጥብ እንምጣ። ፋብሪካው ግድግዳ ላይ የባየሩ የሥነ ምግባር ደንብ ተለጥፏል። ባየር የምንለው ልብሱን የሚያሠራውን የውጭ ኩባንያ ነው። የግዳጅ ሥራ የለም ይላል፣ ትንኮሳ የለም ይላል፣ የመደራጀት መብት ይከበራል ይላል። ኦዲተሮች ይመጣሉ። ከመምጣታቸው በፊት ቀኑ ይታወቃል። በዚያ ሳምንት ማስክና ጓንት ይታደላል። መጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ያገኛል። የተዘጋው የአደጋ ጊዜ በር ይከፈታል። ለኦዲተር የሚያናግሩ ልጆች አስቀድመው ይመረጣሉ፣ ምን እንደሚሉም ይነገራቸዋል። ኦዲተሮቹ ሲሄዱ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሪፖርቱን አይተነው አናውቅም። ስለ እኛ የተጻፈ ወረቀት ነው፣ እኛ ግን አናነበውም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንጻ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ እንደ እኛ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተብለው ገቡ። በሕንጻው ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከል ከዚያ በፊት በግል ኦዲተሮች የታዩ ነበሩ። ወረቀቱ ማንንም አላዳነም። ለውጥ የመጣው በኋላ ነው፤ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት ሲፈርሙና ሕንጻዎቹ እውነተኛ ፍተሻ ሲደረግባቸው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 ትልልቅ ኩባንያዎቿ በውጭ አገር አቅራቢዎቻቸው ዘንድ ያለውን የመብት ጥሰት እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ጀርመንም ተመሳሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች።

እነዚህ ሕጎች ለእኛ ይጠቅማሉ። ግን ፓሪስና በርሊን የወጣ ሕግ የእናንተን ቦታ አይተካም። አሁን እየሆነ ያለው ይህ ነው፦ የአውሮፓ መንግሥት ባየሩን ይጠይቃል፣ ባየሩ ፋብሪካውን ይጠይቃል፣ ፋብሪካው ደግሞ ቅጽ እንድንሞላና ለኦዲተር ፈገግ እንድንል ያደርጋል። ለአንዱ ሸሚዝ የሚከፈለው ዋጋ አይጨምርም፣ የማስረከቢያው ቀን አይራዘምም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የራሳችን መንግሥት ድምፅ የለም። ባየሩ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። የእናንተ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ግን የዚሁ ከተማ ነዋሪ ነው። እሱ ሲመጣ ግን በር ላይ ይጠብቃል፣ ተፈቅዶለት ሲገባ ደግሞ ከቢሮ አያልፍም። አንድ ጊዜ የማሽን ክፍል ድረስ ገብቶ ከሠራተኛ ጋር ብቻውን ሲነጋገር ያየነው የለም። ተቆጣጣሪዎቹን አንወቅሳቸውም። መኪና የላቸውም፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ሥልጣናቸውም ፓርኩ በር ላይ ሲደርስ ይሳሳል።

የመደራጀት ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አገራችን የመደራጀት ነፃነትንና የጋራ ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ወጣት በነበሩበት ዘመን የተገባ ቃል ነው። ማኅበራችንን ስናቋቁም ከመሥራቾቹ መካከል ውላቸው ያልታደሰላቸው አሉ። አንዷ "ፖለቲካ አስገባሽ" ተብላ ቃል በቃል ተነግሯታል። አሁን ማኅበሩ አለ፣ የጋራ ስምምነት ግን እስካሁን አልተፈራረምንም። ድርድሩ በተጠራ ቁጥር የሚወስን ሰው ውጭ አገር ነው ይባላል።

ፋብሪካ ሲዘጋ የሚሆነው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያንገበግበናል። ከአጎዋ እገዳ በኋላ ከጎናችን ያለ አንድ ሼድ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ጠዋት መጥተው በሩን ተቆልፎ አገኙት። የሥራ ስንብት ክፍያ አልተሰጣቸውም። የመጨረሻው ወር ደመወዝም አልተከፈለም። ጡረታ መዋጮ ከየወሩ ደመወዛቸው 7 በመቶ ሲቆረጥ ኖሯል። ለማኅበራዊ ዋስትና ገቢ ያልተደረገበት ወር እንዳለ ያወቁት ግን ያን ጊዜ ነው። ባለሀብቱ አገር ለቋል። ማሽኖቹን ባንክ ይፈልጋቸዋል። ሕጉ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል ይላል። ግን የሄደን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ያኔ ወደ ፓርኩ አስተዳደር ሄዱ፣ "እኛ አከራይ ነን" ተባሉ። ወደ ከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዱ፣ "ፓርኩ ፌዴራል ነው" ተባሉ። ወደ ኢንቨስትመንት ሄዱ፣ "ፍርድ ቤት ክሰሱ" ተባሉ።

ፍርድ ቤት መክሰስ ማለት ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ያልተከፈለ ደመወዝና ኦቨርታይም በስድስት ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። ሥራ ያጣች ልጅ የቤት ኪራይ መክፈል ስለማትችል አገሯ ትገባለች። ቀበሌዋ ከፍርድ ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለቀጠሮ መመላለሻ የላትም፣ ለጠበቃ የላትም። ስድስት ወሩ እሷ ማሳ ላይ እያለች ያልፋል። ከዚያ ሼድ የወጡ ብዙ ልጆች ገንዘባቸው የቀረው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የእኛ ፓርክ ችግር ብቻ አይደለም። በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ የለገ ደንቢ ወርቅ ማዕድን ነዋሪዎች ስለ ውኃቸውና ስለሚወልዷቸው ልጆች ጤና ለዓመታት ጮኸዋል። ፈቃዱ የታገደው በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማዕድኑ ሥራ ጀምሯል። በአበባ እርሻዎች ስለ ኬሚካል የሚነሣው ጥያቄም ቆይቷል። በየቦታው የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ ሰው መንገድ እስኪወጣ ድረስ የሚሰማ መሥሪያ ቤት የለም። እኛ መንገድ መውጣት አንፈልግም። ለዚህ ነው የምንጽፈው።

ሌሎች መንግሥታት ይህን በዕቅድ ይዘውታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2013 የንግድና ሰብዓዊ መብቶች ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር በማውጣት የመጀመሪያዋ ሆነች። ጎረቤታችን ኬንያ እና ዩጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2021 የየራሳቸውን አውጥተዋል። እዚያም ችግሩ አላለቀም፣ ወረቀት ብቻውን ሰው አያስከብርም። ግን የትኛው ሚኒስቴር ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል፣ ያላደረገውን "ለምን አላደረግህም?" ማለት ይቻላል። እኛ እንዲህ ብለን የምንጠይቅበት የጸደቀ ዕቅድ የለንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት የደመወዝ ቦርዱ ደንብ ወጥቶ ቦርዱ ይቋቋም። መቼ እንደሚቋቋም ቀን ቆርጣችሁ ለሕዝብ ንገሩ። ቦርዱ ውስጥ ከኢሠማኮ ጋር ማሽን ላይ የምትሠራ ሴት ትግባበት። ወለሉ ሲሰላ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የትራንስፖርት ዋጋ ፓርኮቹ ባሉባቸው ከተሞች ተጠንቶ ይሁን። ቦርዱ እስኪቋቋም ድረስም የገቢ ግብር እፎይታ የተሰጠው ድርጅት ሁሉ ለሠራተኛው ቢያንስ የመንግሥት ሠራተኛውን ወለል እንዲከፍል ወይም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እዚያ እንዲደርስ ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር ሆናችሁ አስገድዱ። እፎይታው የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይገባል።

የሼድ ኪራይ ውል ውስጥ የሠራተኛ መብት አንቀጽ ይግባ። ፋብሪካ ሲገባ ለተወሰኑ ወራት ደመወዝና ለስንብት ክፍያ የሚሆን ዋስትና በባንክ እንዲያስይዝ ይደረግ። የጡረታ መዋጮ በየወሩ ገቢ መደረጉን ሠራተኛው በስልኩ ማየት ይቻለው። ይህ ቢኖር ኖሮ ከጎናችን የነበሩት ልጆች ባዶ እጃቸውን አይሄዱም ነበር።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ያለ ቀጠሮ ወደ ፓርኮች የመግባትና ሠራተኛን ለብቻ የማነጋገር ሥልጣናቸው በደብዳቤ ለፓርኮቹ ይገለጽላቸው። ያገኙት ነገር በየፋብሪካው ስም ይታተም። ባየሮች የሚያስደርጉት ኦዲትም ለሚኒስቴሩና ለሠራተኛ ማኅበሩ እንዲደርስ ይደረግ።

በየፓርኩ አንድ የአቤቱታ ጽሕፈት ቤት ይከፈት። የእናንተ፣ የክልሉ ቢሮና የማኅበራዊ ዋስትናው ሰው አንድ ቦታ ይቀመጡ። አቤቱታ በአካባቢው ቋንቋ፣ በቃልም ይቀበሉ። እዚያ የቀረበ አቤቱታ ይርጋውን እንዲያቋርጥ ይደረግ። ውሎች ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፉ። ማታ የሚወጡ ሠራተኞችን ሰርቪስ እስከ ሰፈራቸው እንዲያደርስ ይታዘዝ።

በመጨረሻም ከፍትሕ ሚኒስቴርና ከሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጋር ሆናችሁ የንግድና ሰብዓዊ መብቶች ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ረቂቅ አዘጋጁ። ውይይቱ በሆቴል አዳራሽ ብቻ አይሁን። ፓርኮቹ ወዳሉባቸው ከተሞች ኑ፣ እሑድ ይሁን፤ እሑድ ሁላችንም ቤት ነን።

መልሳችሁን በጽሑፍ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። የደመወዝ ደረሰኞችን፣ የውል ቅጂዎችንና የተቆረጡ የቦነስ ወረቀቶችን ሰብስበን ይዘናል። ስማቸው የማይገለጽበት ዋስትና ከተሰጠ ባልደረቦቻችን ቀርበው የደረሰባቸውን ለመናገር ፈቃደኞች ናቸው።

ከሰላምታ ጋር፣

የአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ
በማኅበሩ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስም

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን
ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን